ከዲስቶፒያ ታሪኮች የሕፃን ስም መምረጥ፦ ካሌብ፣ ካትኒስ ወይስ ሲሳይ?

ከመጽሐፍ ወይም ከፊልም ገጸ ባሕርይ ለልጁ ስም መውሰድ የሚፈልግ ወላጅ ሦስት መንገዶች አሉት። አንደኛው፣ የገጸ ባሕርዩ ስም እኛም ዘንድ ቀድሞ የኖረ ከሆነ በእኛው አጠራር ማውጣት ነው፤ ዮናስ፣ ካሌብ፣ ሩት። ሁለተኛው ስሙን እንዳለ ማምጣት ነው፤ ካትኒስ፣ ትሪስ፣ ኒዮ። ሦስተኛው ድምፁን ትቶ ፍቺውን ወይም መንፈሱን በመውሰድ ሲሳይ፣ ጽጌ፣ አዲስ ብሎ ማውጣት ነው። ሦስቱን የምናነጻጽረው በሰበታ፣ በቡራዩ፣ በሱሉልታ፣ በለገጣፎ ወይም በኮዬ ፈጬና በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞች የሚኖሩ ቤተሰቦችን እያሰብን ነው። የከተማ ዳር ኑሮ ለስም የራሱ ፈተና አለው። አንድ ልጅ ግቢው ውስጥ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይጠራል፣ ደብተሩ ላይ ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፋል፣ ከሰላሌ ወይም ከመንዝ የመጡ አያቶቹ ደግሞ በራሳቸው አንደበት ያቆላምጡታል። ስሙ ይህን ሁሉ መሸከም አለበት።

ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር። ለአብዛኛው ቤተሰብ የመጀመሪያው መንገድ ይሻላል። ታሪኩን የሚያውቅ ይገባዋል፣ የማያውቅም አይቸገርም። ሦስተኛው መንገድ ከባድ ቢሆንም የሚያወጣው ስም ከሁሉም ያምራል። ሁለተኛው ላይ ግን ጥቂት ስሞች ብቻ ያልፋሉ፤ የሚወድቁትም በአሳማኝ ምክንያት ነው።

ከሁሉ በፊት የሚወጡት

ዲስቶፒያ የምንለው ሥርዓቱ የሰውን ምግብ፣ ትዳርና ትዝታ ሳይቀር የሚቆጣጠርበት የወደፊት ዓለም ታሪክ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ዓለም የጨቋኙ የመጀመሪያ ሥራ ብዙ ጊዜ ስም መንጠቅ ነው። በሩሲያዊው የቭጌኒ ዛምያቲን ልብ ወለድ ሰዎች ዲ-503፣ አይ-330 እየተባሉ ይጠራሉ። ማርጋሬት አትውድ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመችው ልብ ወለድ ተራኪዋ «ኦፍሬድ» የተባለችው የፍሬድ ንብረት ናት ለማለት ነው። ከዚሁ ታሪክ በተሠራው ተከታታይ ፊልም ላይ ሐና የምትባለው ሕፃን ከእናቷ ተነጥቃ ለሌላ ቤተሰብ ስትሰጥ ስሟም አግነስ ተብሎ ይቀየራል። በቬሮኒካ ሮት ታሪክ ውስጥ «ፎር» የሚባለው ወጣት ቅጽሉን ያገኘው አራት ፍርሃቶች ብቻ ስላሉት ነው፤ የወላጅ ስሙ ሌላ ነው።

ስለዚህ ገጸ ባሕርዩን ወደዳችሁት ማለት የሚጠራበት ቃል ለልጅ ይሆናል ማለት አይደለም። መጀመሪያ ስሙን ማን እንደሰጠው እዩ። ሥርዓቱ የለጠፈበት ከሆነ ተዉት፣ እናትና አባቱ ያወጡለትን ፈልጉ። ኦፍሬድና ፎር በዚህ ይወጣሉ። ሐናና ቶብያስ ግን ይቀራሉ፤ ቶብያስ የፎር እውነተኛ ስም ነው።

እዚሁ ያሉ ስሞች

ዮናስ ለእኛ የዝርዝሩ ቀዳሚ ነው። በሎይስ ሎውሪ ልብ ወለድ (እ.ኤ.አ. 1993) ዮናስ የ12 ዓመት ልጅ ነው፤ ማኅበረሰቡ የጣለውን ትዝታ ሁሉ ብቻውን እንዲሸከም ይመረጣል። በዚያ ማኅበረሰብ ሕፃናት በቁጥር ይቆጠራሉ፣ ስም የሚሰጣቸውም አንድ ዓመት ሲሞላቸው በሥነ ሥርዓት ነው። የዮናስ አባት ግን ሕፃናት ይንከባከብ ነበርና ደካማ ለነበረው ቁጥር 36 የተመደበለትን ስም ከዝርዝሩ ላይ አይቶ ጊዜው ሳይደርስ ገብርኤል ብሎ ይጠራው ጀመር። በኋላ ሕፃኑ ሊገደል ሲል ይዞት የሚሸሸው ዮናስ ነው። ስምን የፍቅር ሥራ አድርጎ የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ታሪክ በዘርፉ ውስጥ አናውቅም።

እኛ ዘንድ ዮናስ ከነነዌ ጾም ጋር የተያያዘ ስም ነው። ከዐቢይ ጾም ሁለት ሳምንት ቀድመው በሚውሉት በእነዚያ ሦስት ቀናት አካባቢ ለተወለደ ወንድ ልጅ ምክንያቱ ድርብ ይሆናል። ሙስሊም ቤተሰብ ዩኑስ ብሎ ያወጣዋል። ሲቆላመጥ ዮኒ፣ ዮናስዬ ይሆናል፤ «አቶ ዮናስ»፣ «ጋሽ ዮናስ» ሲባልም አይጎረብጥም። አንድ ችግር ብቻ አለው። ስሙ የተለመደ ስለሆነ ክፍል ውስጥ ሌላ ዮናስ ሊኖር ይችላል።

ገብርኤልን ከዚያው ታሪክ የወደደ ወላጅ ስሙ እኛ ጋ ብቻውን እምብዛም እንደማይወጣ ይወቅ። ኃይለ ገብርኤል፣ ገብረ ገብርኤል፣ ወልደ ገብርኤል እየተባለ ይጣመራል። በታኅሣሥ 19 የቁልቢ በዓል የተሳለ ቤተሰብ ለዚህ ምክር አያስፈልገውም።

ካሌብ በሁለት ታሪኮች ውስጥ አለ፤ ሁለቱም መታወቅ አለባቸው። በቬሮኒካ ሮት ታሪክ (የመጀመሪያው መጽሐፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው) ካሌብ የጀግናዋ የትሪስ ወንድም ሲሆን በኋላ ይከዳታል። ከዮናስ ታሪክ ውስጥ ደግሞ ወንዝ የወሰደው የአራት ዓመት ሕፃን ካሌብ ይባላል። ማኅበረሰቡ ለወላጆቹ ምትክ ሕፃን ሰጥቶ እሱንም ካሌብ ይለዋል፤ የመጀመሪያው ልጅ እንዳልነበረ ሊሆን። እኛም ልጅ ከሞተብን በኋላ ለተወለደው ምትኩ፣ ካሳ፣ ማስረሻ እንላለን፤ ነገር ግን የእኛ ስሞች ሐዘኑን ይናገራሉ እንጂ አይሸፍኑትም። እንዲህ ያለ ሐዘን ያለፈበት ቤት ካሌብን ሲመርጥ ይህን ክፍል አውቆ ይምረጥ። ከዚህ ውጭ ስሙ ክብደት አለው። ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ደቡብ ዓረብ የዘመተው የ6ኛው ክፍለ ዘመን የአክሱም ንጉሥ ካሌብ ነው፤ በትውፊት ዘውዱን ትቶ መንኗል ይባላል። ለአጻጻፍም ቀላል ነው፤ በግእዝ ፊደል፣ በቁቤም በእንግሊዝኛም አያሳስትም።

ቶብያስ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ከመጽሐፈ ጦቢት የምናውቀው የጦቢት ልጅ ጦብያ ያው ስም ነው። ነገር ግን «ጦቢያ» ሲባል የአማርኛ አንባቢ ጆሮ መጀመሪያ የሚሰማው የአገር ማቆላመጫ ነው። ቀጥሎም አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመው የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ትዝ ይለዋል፤ እዚያ ጦቢያ ወንድ መስላ መንገድ የወጣች ልጃገረድ ናት። ስለዚህ ለሴት ልጅ ጦቢያ በጣም ያምራል፤ ድፍረቱም ከታሪኩ ጋር ይሄዳል። ለወንድ ልጅ ከፈለጋችሁ «ቶብያስ» ብላችሁ በ«ስ» ዝጉት፤ ካልሆነ ዕድሜውን ሙሉ «የሴት ስም አይደለም ወይ?» ለሚል መልስ ሲሰጥ ይኖራል።

ቶማስ ሁለት ታሪኮችን በአንድ ስም ያገናኛል። በጄምስ ዳሽነር ልብ ወለድ (እ.ኤ.አ. 2009) በግዙፍ ግንብ መሐል ከተጣሉት ወጣቶች ዋናው ቶማስ ነው። ስሙ ከኤዲሰን ተወስዶ የተሰጠው ነው፤ የጓደኛው የኒውት ከኒውተን፣ የአልቢ ከአልበርት አይንስታይን እንደተወሰደው ሁሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው «ማትሪክስ» ፊልም ላይ ኒዮ የሚባለው ሰው መታወቂያው ላይ ያለው ስም ቶማስ ነው። ኒዮን የወደደ አባት፣ ዘመድ ደግሞ «ይሄ ምን ዓይነት ስም ነው» ካለው፣ ቶማስ ብሎ መዝግቦ ቤት ውስጥ ኒዮ ማለት ይችላል። የታሪኩም ሰው ያደረገው ይህንኑ ነው።

ኢዩኤል እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው «ዘ ላስት ኦቭ አስ» የቪዲዮ ጌምና ከ10 ዓመት በኋላ በተሠራለት ተከታታይ ፊልም ብዙ ወጣት የሚያውቀው ጆኤል ነው። ገጸ ባሕርዩ እንደ ልጁ ያያትን ታዳጊ ለማዳን ብዙ ሰው የሚገድል አባት ነው፤ ፍቅሩ እውነተኛ፣ ሥራው ከባድ። ስሙ ግን ከታሪኩ በላይ የነቢዩ ስም ሆኖ ስለሚሰማ ችግር የለውም። ችግሩ የላቲን ፊደሉ ላይ ነው። አንዱ በ«ኢ»፣ አንዱ በ«አይ»፣ አንዱ በ«ጄ» ይጀምረዋል።

ለሴቶች ሩት፣ ራሔል፣ ሐናና ልድያ አሉ። ሩት በካዙኦ ኢሺጉሮ ልብ ወለድ (እ.ኤ.አ. 2005) አካላቸው ለሌላ ሰው ሊሰጥ ከተፈጠሩት ወጣቶች አንዷ ናት። ጓደኞቿን ትለያያለች፣ በመጨረሻም ትጸጸታለች። ራሔል እ.ኤ.አ. በ1982 በወጣው «ብሌድ ራነር» ውስጥ ሰው ሠራሽ መሆኗን ሳታውቅ የኖረች ሴት ናት። ልድያ በአትውድ ታሪክ ውስጥ ሴቶችን የምታሰለጥንና የምትቀጣ አስፈሪ ሴት ናት፤ እዚህ ግን ልድያ ሲባል ሰው የሚያስበው የሐዋርያት ሥራ ላይ ያለችውን የሐምራዊ ልብስ ነጋዴ ነው። የገጸ ባሕርዩ ክፋት ስሙን የሚያበላሸው ስሙ ከታሪኩ ጋር ብቻ ሲታወቅ ነው። ልድያን፣ ሙስጠፋን (በአልደስ ሃክስሊ ታሪክ ውስጥ ከዓለም ገዥዎች አንዱ ነው) ወይም አማኑኤልን (በጆርጅ ኦርዌል «1984» ልብ ወለድ ሕዝቡ በየቀኑ እንዲጠላው የሚገደድ ሰው ነው) ታሪክ አያበላሻቸውም። ሥረ መሠረታቸው ከታሪኮቹ በፊት የተተከለ ነው።

እንዳለ የሚመጡ ስሞች

እዚህ ላይ ዋናው ዳኛ ጆሮ ነው። ስሙን የሚሸከመው ልጅ እንጂ ወላጅ አይደለምና ሰፈሩ፣ ትምህርት ቤቱና አያት ምን እንደሚሰሙ ቀድሞ መፈተሽ ይገባል።

ኤሊ ፈጽሞ አይሆንም። ጆኤል ባለበት ጌም ላይ ያለችው ጎበዝ ልጅ ብትሆንም አማርኛ ላይ ኤሊ ያው ድንጋይ ለባሿ ናት፤ ልጅቷ አንደኛ ክፍል ስትገባ የሚጠብቃት ቀልድ አያልቅም። ስሟን ለማስታወስ የፈለገ ኤልሳቤጥ ብሎ ኤልሲ እያለ ይጥራ። የ«ሀንገር ጌምስ» (ታዳጊዎች እስከ ሞት የሚወዳደሩበት የሱዛን ኮሊንስ ታሪክ) ጌል ደግሞ በሰው አፍ «ገል» ይሆናል፤ የተሰበረ እንስራ ስባሪ። ትሪስ ያለ ጥርጥር «ትሪ» ትባላለች። የ«ሀንገር ጌምስ» ጀግና ካትኒስ ሲያጥር ካቲ ነው፤ ካቲ ሲባል ካቲካላ የሚል አይጠፋም። ዊንስተን ለብዙ ሰው ጆሮ ሲጋራ ነው፤ የኦርዌል ዊንስተንም መጨረሻ ላይ ተሰብሮ የጠላውን ገዥ ሲወድ ስለሚገኝ ታሪኩም አያግዝም። ማክስን በየግቢው ለውሻ የሚያወጡ ስላሉ ከመወሰናችሁ በፊት በሰፈራችሁ ጠይቁ። የሃክስሊዋ ሌኒና ደርግን ላየ አያት አንድ ሰው ብቻ ታስታውሳለች፤ የሌኒን ሐውልት አዲስ አበባ ላይ የወረደው በግንቦት 1983 ዓ.ም. ነውና ትዝታው ገና ትኩስ ነው።

«ፕ» ያለባቸው ስሞችም ይፈተኑ። ፖሊስን «ቦሊስ» የሚሉ ትልልቅ ሰዎች ከካትኒስ ታሪክ ፒታን ቢታ፣ ፕሪምን ብሪም ማለታቸው አይቀርም። ልጁ ቤት በአንድ ስም፣ አያቱ ጋ በሌላ ስም ያድጋል። «ቭ» ያለበት ስምም ዕጣው ተመሳሳይ ነው።

አንድ ፊደል ብቻ የሆኑ ስሞች እኛ አገር አይቆሙም። ከ«ሀንገር ጌምስ» የመጣው ሩ ሲጠራ ገና ያላለቀ ስም ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው «ቺልድረን ኦቭ ሜን» ፊልም፣ ለ18 ዓመታት ልጅ ባልተወለደበት ዓለም ያረገዘችው ወጣት ኬ ትባላለች። በአፋን ኦሮሞ «ኬ» ያንተ፣ ያንቺ ማለት ስለሆነ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ላይ የምታድግ ልጅ ስሟ ሲጠራ ሰሚው ቀጣዩን ቃል ይጠብቃል።

የሚያልፉትስ? ሲና ጥሩ ነው። በ«ሀንገር ጌምስ» ሲና ለካትኒስ ልብስ የሚሠራላት፣ ልብሱን የተቃውሞ ምልክት አድርጎ ሕይወቱን የሚከፍል ወንድ ነው። እዚህ ግን ደብረ ሲናንና የሙሴን ተራራ ስለሚያስታውስ በጆሮ የሴት ስም ይመስላል፤ ለሴት ልጅ እንድታወጡት እንመክራለን። ጁሊያ ታልፋለች፤ የኦርዌል ጁሊያ ሥርዓቱን በድብቅ የምትጥስ ሴት ናት፣ ስሙም ለማንኛውም አፍ ቀላል ነው። ክላሪስ፣ በሬይ ብራድበሪ ታሪክ (እ.ኤ.አ. 1953) መጽሐፍ አቃጣዩን ሰው «ደስተኛ ነህ?» ብላ የምታነቃው ልጅ፣ ድምጿ ያምራል፤ ነገር ግን ከታሪኩ መሐል በሞት ትጠፋለች። የ«ሀንገር ጌምስ» ኤፊ ደግሞ አዲስ አይደለም፤ ኤፍራታም ኤፍሬምም ሲቆላመጡ ኤፊ ይባላሉ። ኤፍራታ ብሎ መመዝገብ ሁለቱንም ያስገኛል።

ለወንድ ልጅ የውጭ ስም ስታመጡ አንድ ተጨማሪ ነገር አስቡ። የቤተሰብ ስም በሌለን አገር የወንድ ልጅ ስም የልጆቹ ሁለተኛ ስም፣ የልጅ ልጆቹ ሦስተኛ ስም ይሆናል። «ሕይወት ኒዮ»፣ «ሰላም ፊኒክ» ብላችሁ ድምፃችሁን አውጥታችሁ ጥሩ። ካልተዋጠላችሁ የቤት ስም አድርጉት።

ፍቺውን መውሰድ

ይህ መንገድ ማሰብን ይጠይቃል፤ በዚያው ልክ ስሙ ከነታሪኩ የእናንተ ይሆናል።

በካትኒስ እንጀምር። ሱዛን ኮሊንስ ስሙን የወሰደችው ውኃ ዳር ከሚበቅል ተክል ነው፤ ቅጠሉ የቀስት ጫፍ ይመስላል፣ ሥሩ ይበላል። ልጅቷ በረሃብ የሚገዛ መንግሥት ባለበት አገር ቤተሰቧን አድና የምታበላ ናት። ለዚህ ሁሉ አማርኛ አንድ ስም አለው፦ ሲሳይ። ብዙ ጊዜ ለወንድ ቢወጣም ለሴትም ይሆናል። ሲሳይ የተባለች ልጅ ታሪኩን ስታድግ ብታነበው ስሟ ውስጥ ታገኘዋለች።

ሩ በእንግሊዝኛ ለእኛ ጤና አዳም ዘመድ የሆነው ተክል ስም ነው፤ ቡና ላይ የምናደርገው፣ ከአይብ ጋር የምንቀምመው። ገጸ ባሕርይዋ 12 ዓመቷ ነው፣ በውድድሩ ትሞታለች። ስለዚህ ድምፁን ትቶ ጤናዬ ማለት ሞቷን ትቶ መድኃኒቷን መውሰድ ነው። የካትኒስ እኅት ፕሪምሮዝ የአበባ ስም ናት፤ እሷም በሦስተኛው መጽሐፍ ትሞታለች። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው ዘመነ ጽጌ ለተወለደች ልጅ ጽጌ ወይም ጽጌ ማርያም ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለውም።

ኒዮ «አዲስ» ማለት ነው፤ አዲስ፣ አዲሱ፣ ሐዲስ ከእኛ ጋር የኖሩ ስሞች ናቸው። በዚያው «ማትሪክስ» ፊልም ያለችው ትሪኒቲ ሥላሴ ናት፤ ለክርስትና ስም ወለተ ሥላሴ ይሆናል፤ በተለይ ጥር 7 ወይም ሐምሌ 7 አካባቢ ለተወለደች። የክርስትና ስምን ግን ካህኑ ከዕለቱ በዓል ጋር አያይዞ ሊሰጥ ስለሚችል ቀድማችሁ ንገሩት። የትሪስ ሙሉ ስም ቢያትሪስ ከላቲን ሲሆን ደስታንና በረከትን የምታመጣ ማለት ነው፤ ደስታና በረከት ለወንድም ለሴትም ይወጣሉ። የ«ቺልድረን ኦቭ ሜን» ቲዮ የፈጣሪ ስጦታ ከሚለው የግሪክ ስም የመጣ ነው፤ እኛ ቴዎድሮስ የምንለው። በፍካሬ ኢየሱስ ከክፉ ዘመን በኋላ ይመጣል የተባለው ደግ ንጉሥ ስሙ ቴዎድሮስ ነው፤ ቋረኛው ካሳም በ1847 ዓ.ም. ሲነግሥ ይህን ስም ይዟል። ከጨለማ ዘመን በኋላ ተስፋ የሚለውን ታሪክ እኛ ራሳችን በዚህ ስም ስንነግረው ኖረናል።

ከአንድ ገጸ ባሕርይ ይልቅ የታሪኩን መንፈስ ለመያዝ የሚፈልግ ደግሞ ሰፊ ሜዳ አለው። ትዝታ ለተሸከመው ዮናስ ትዝታ ወይም መታሰቢያ፤ የተቃጠሉ መጻሕፍትን በቃላቸው ይዘው ለሚዞሩት የብራድበሪ ሰዎች መዝገቡ፤ አልገዛም ላለው ሁሉ እምቢአለ፣ ነጻነት፣ አርነት። በአፋን ኦሮሞ ቢሊሱማ ነጻነት፣ አብዲ ተስፋ ነው። እምቢአለ ለዛሬ ጆሮ የአባቶች ስም ይመስላል፤ ለእኛ ግን በዚህ ዝርዝር ውስጥ ከጀግኖቹ ሁሉ መንፈስ ጋር የሚገጥመው እሱ ነው።

ከአባት ስም ጋር

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ከአባት ስም ጋር ማስማማቱ ግን የወላጅ ሥራ ነው። የልጁ ስም የሚያልቅበትና የአባቱ ስም የሚጀምርበት ፊደል አንድ ሲሆን ሁለቱ ይጣበቃሉ። ሩት ተሾመ በፍጥነት ሲጠራ «ሩተሾመ» ይሆናል። ዮናስ ስዩም፣ ቶማስ ሲሳይ፣ ራሔል ለማ ላይም ድንበሩ ይጠፋል። ይህ ስሙን ጨርሶ አይከለክልም፤ ግን ሁለት እኩል የምትወዷቸው ስሞች ካሉ ይህ ይወስን፦ አባት ስዩም ከሆነ ዮናስን ትታችሁ ካሌብን ያዙ፤ ተሾመ ከሆነ ከሩት ሐና ትሻላለች።

ፈተናው ቀላል ነው። ስሙን ሳትጽፉ ለሦስት ትልልቅ ሰዎች አንድ ጊዜ ብቻ ንገሯቸው፣ በማግስቱ ምን ብለው እንደሚጠሩት ስሙ። ከደጅ ወደ ጓዳ ጮክ ብላችሁ ጥሩት። ከፊቱ አቶ፣ ወይዘሮ፣ ዶክተር፣ ጋሽ ጨምሩበት። በመጨረሻ «ዬ» ጨምራችሁ አቆላምጡት። ከእነዚህ በአንዱ የተሰናከለ ስም ይታሰብበት፤ በሁለቱ የተሰናከለ ይለወጥ።

ፊደልና ምዝገባ

ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ስለሚነሡ የዓለም ስሙን እስከ ክርስትናው ድረስ አንጠልጥሎ የሚያቆይ ቤተሰብ ለሴት ልጅ የሚቀረው 10 ቀን ብቻ ነው። የክርስትናው ስም ይጠብቅ፤ የመዝገቡን ስም ግን ቀድማችሁ ቁረጡ። ከወለዳችሁበት ጤና ተቋም የልደት ማሳወቂያ ወረቀቱን ሳትይዙ አትውጡ። ወደ መዝጋቢው ስትሄዱ የሁለታችሁንም መታወቂያ ያዙ፤ የአባትና የአያት ስም የሚጻፈው መታወቂያው ላይ እንዳለው ነውና።

በግእዝ ፊደል ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደላት ያጣላሉ። ሐና ወይስ ሃና፣ ጽጌ ወይስ ፅጌ፣ ሣራ ወይስ ሳራ የሚለውን ከቤት ወስናችሁ በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ፤ በቃል ከነገራችሁ ጸሐፊው የለመደውን ይጽፋል። ክትባት ካርድ ላይ በአንዱ፣ ምስክር ወረቀት ላይ በሌላው ሲሆን ትምህርት ቤት ላይ ጥያቄ ያስነሣል።

ምዝገባው በኦሮሚያ በኩል በአፋን ኦሮሞ ከሆነ ደግሞ ቁቤን አስቡ። በቁቤ «ጥ» በኤክስ፣ «ቅ» በኪው፣ «ጭ» በሲ ይጻፋሉ፤ ረጅም አናባቢም ይደገማል። ጦቢያ በቁቤ በኤክስ ትጀምራለች፣ በፓስፖርት ላይ በቲ ብትጻፍ ሁለት ሰው ትመስላለች። ዮናስ ላይ ኦውና ኤው ይደገማሉ፤ በእንግሊዝኛው አጻጻፍ አንድ አንድ ናቸው። ካሌብ፣ ሐና፣ ሩትና ሲና ልዩነታቸው የአናባቢ መደገም ብቻ ስለሆነ ይቀላሉ። ዮናስንና ኢዩኤልን በላቲን ስትጽፉ በዋይና በአይ መጀመር ወይስ በጄ የሚለውን አንድ ጊዜ ወስናችሁ ለክትባት ካርድ፣ ለምስክር ወረቀትና ለፓስፖርት ያንኑ ተጠቀሙ። ፊደል ማረም ማመልከቻና ማስረጃ ይጠይቃል፤ ስሙን ጨርሶ መቀየር ደግሞ ፍርድ ቤት የሚያደርስ ጉዳይ ነው።

ምስክር ወረቀቱ ማኅተም ሳይመታበት እንድታዩት ጠይቁ። የልጁን፣ የአባትንና የአያትን ስም በሁለቱም ፊደል አንድ በአንድ አንብቡ፤ የትውልድ ቀኑም በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ እዩ። ከዚያ በኋላ ዋናውን አስቀምጡና ቅጂውን ብቻ ይዛችሁ ውጡ።